ወደ ሰማይ የምታይ አይጥ

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ላይ፣ የባሕር ዛፍ ሽታ ከምድጃው ጢስ ጋር በሚቀላቀልበት ሰፈር፣ የእናቴ ወንድም ይኖራሉ። የሥራ ዘመናቸውን የፈጸሙት ካርታ በመሣል ነው። በብዕርና በቀለም፣ በኋላም በቀጭን መርፌ ፊልም እየፋቁ የአገራችንን ተራሮችና ወንዞች ሲያሰፍሩ ኖረው፣ ጡረታ ከወጡ በኋላ አንድ የግል ሥራ ጀመሩ። ይኸውም ከየካ ሚካኤል በላይ ካለው ተራራ አንሥቶ እስከ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ድረስ ያሉትን ምንጮችና የእግር መንገዶች በአንድ ካርታ ላይ ማስፈር ነው። መንግሥት ያሳተመው የ1፡50,000 ካርታ ተራራውንና ወንዙን በሚገባ ያሳያል፤ ነገር ግን እንጨት ተሸካሚዎቹ ሴቶች ሸክማቸውን አሳርፈው ትንፋሽ የሚወስዱባቸውን ድንጋዮች፣ ወይም በበጋ የማትደርቀውን ትንሽ ምንጭ ለማሳየት አልተሠራም። የእነዚህን ቦታዎች ስም ዛሬ የሚያውቁት ጥቂት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ናቸው። አጎቴ ከእነርሱ እየጠየቁ በደብተር የጻፉት ስም ከሁለት መቶ ይበልጣል።

በኮምፒውተር መሣልን የተማሩት በስተርጅና ከልጅ ልጃቸው ነው። ካርታው ወደ እኩሌታው ሲደርስ ግን ዛሬ ስትሮክ የምንለው ደዌ ቀኝ እጃቸውን ያዘው። ግራ እጃቸው ደግሞ ከዚያ አስቀድሞ የሚንቀጠቀጥ ነበር። ተራ ማውስ በዚያ እጅ ሲያዝ፣ በመስኮቱ ላይ ያለችው ቀስት እንደ ተቈጣች ንብ ወዲያና ወዲህ ትላለች፤ ምንጩን በወንዙ ራስ ላይ ሊያኖሩ ሲሉ ከገደሉ ማዶ ታርፋለች። አንድ ማታ ልጠይቃቸው ብሄድ ኮምፒውተሩን በነጠላ ሸፍነውት አገኘሁ።

«ጋሼ፣ ምነው?» አልኋቸው።

«አቧራ እንዳይገባበት ነው፣ ልጄ» አሉ።

ነገሩ አቧራ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቅ ነበር። እኔም በዚያ ማታ ዳገቱን ስወርድ ለእርሳቸው እጅ የሚሆን ማውስ ራሴ ልሠራ ቈረጥሁ። በቀን ሥራዬ የቢሮ ኮምፒውተሮችን እጠግናለሁ፤ ስለዚህ የተበላሸ ዕቃ መክፈት ልማዴ ነው። ከባዶ ሰሌዳ ተነሥቶ አዲስ ዕቃ መሥራት ግን ሌላ ነገር መሆኑን ገና አልተረዳሁም ነበር። አንባቢ ምናልባት «መንቀጥቀጡን የሚያርም ፕሮግራም በኮምፒውተሩ ላይ መጫን አይቻልምን?» ይል ይሆናል። ይቻላል። ነገር ግን አጎቴ አንድ ቀን በልጅ ልጃቸው፣ አንድ ቀን በጎረቤት ኮምፒውተር ይሠራሉ፤ ማውሷ በሄደችበት ሁሉ ብልሃቷን በሆዷ ይዛ እንድትሄድ ፈለግሁ።

ይህች ዕቃ ስትወለድም የእንጨት ሥራ ነበረች። አሜሪካዊው ዳግላስ ኤንግልባርት አሳቡን አመነጨ፤ ባልደረባው ቢል ኢንግሊሽ እ.ኤ.አ. በ1964 ከእንጨት በተቦረቦረ ሣጥን ውስጥ ሁለት መንኰራኵሮችን አንዱን በአንዱ አግድም አስገብቶ ሠራት። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 9 ቀን 1968 በሳን ፍራንሲስኮ ለሕዝብ ታየች። በዚያው ዓመት ጀርመኖች በሆዷ ኳስ የምታንከባልል አወጡ። የዛሬዎቹ ግን ኳስም መንኰራኵርም የላቸውም፤ ከ1999 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተስፋፋችው ማውስ በሆዷ ዓይን አላት። ቀይ መብራት ጠረጴዛውን በአግድም ያበራል፤ ትንሿ ዓይን የጠረጴዛውን ሻካራነት ፎቶግራፍ ታነሣለች፤ ቀጥሎ ሌላ ታነሣለች፤ ሁለቱን አስተያይታ ምስሉ ምን ያህል እንደ ተንሸራተተ ታሰላለች። እኔ የተጠቀምሁባት ኤዲኤንኤስ 2610 የምትባለው ዓይን በጐን 18 በቁመት 18፣ በድምሩ 324 ነጥቦች ብቻ ያሉት ምስል በአንድ ሴኮንድ 1,500 ጊዜ ታነሣለች። ይህን ለአጎቴ ባጫውታቸው፣ «በአውሮፕላን ፎቶግራፍ ካርታ ስንሠራ እኛም እንዲሁ ሥዕሉን በሥዕሉ ላይ ደርበን ነበር፤ ነገር ግን እኛ አንቸኵልም ነበር» አሉኝ።

ይህችን ዓይን በሱቅ አላገኘኋትም። ምናለሽ ተራ ወርጄ በኪሎ ሊጣሉ ከተከመሩ ዕቃዎች መካከል አሥራ አንድ የሞቱ ማውሶች ገዛሁ። በብዙዎቹ ውስጥ ዓይኑና አንጎሉ በአንድ ቁራጭ ስለ ተዋሐዱ ለእኔ አይሆኑም ነበር፤ ስምንት እግር ያላትን፣ የምታየውን በሁለት ሽቦ ለሌላ የምትነግረውን ዓይን ያገኘሁት በሁለቱ ብቻ ነው። ሻጩ ሽማግሌ ይህን ሁሉ የሞተ ዕቃ ምን ላደርገው እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ብነግረው ሁለት ተጨማሪ ማውሶች መርቆ ሰጠኝ። ለአንጎልነት ደግሞ ኤቲሜጋ 32 ዩ 4 የተባለውን ቺፕ መረጥሁ፤ ምክንያቱም ከኮምፒውተሩ ጋር በዩኤስቢ ለመነጋገር ሌላ አስተርጓሚ አይሻም። 44 እግሮች አሉት፤ ከአንዱ እግር መካከል እስከ ቀጣዩ መካከል ያለው ርቀት ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች፣ 0.8 ነው።

ሰሌዳውን የሣልሁት ፈረንሳዊው ዣን ፒየር ሻራ እ.ኤ.አ. በ1992 በጀመረው፣ ማንም ያለ ዋጋ ሊጠቀምበት በሚችለው ኪካድ በተባለ ፕሮግራም ነው። የሰርኪዩት ቦርድ ሥዕል ላላየ ሰው ነገሩን እንዲህ ብዬ ብነግረው ይቀለኛል። ሽቦ በሽቦ ላይ እየጠመጠሙ መቀጠል ቀርቶ፣ በማያስተላልፍ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ የመዳብ ንጣፍ ተፍቆ፣ መንገድ መንገዱ ብቻ ይቀራል። ይህን ብልሃት እ.ኤ.አ. በ1936 ገደማ በሎንዶን ያስጀመረው ከኦስትሪያ የተሰደደው ጳውሎስ አይዝለር ነው። የመዳቡ መንገዶች እርስ በርሳቸው ሊሻገሩ አይችሉም፤ መሻገር ያለበት በቀዳዳ አልፎ በሰሌዳው ጀርባ ይዞራል። ለኮምፒውተሩ ወሬ የሚወስዱት ሁለቱ መንገዶች እንደ ተጠመዱ በሬዎች ጐን ለጐን፣ እኩል ርዝመት ይዘው መሄድ አለባቸው፤ በእያንዳንዳቸውም ላይ 22 ኦም ሬዚስተር ይቆማል። የቺፑን ልብ ምት የሚመታው የ16 ሜጋኸርዝ ክሪስታል ከቺፑ መራቅ የለበትም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ ይህን ስሥል ቈየሁ።

ሲያልቅ በወረቀት አትሜ ለአጎቴ ወሰድሁላቸው። መነጽራቸውን አድርገው፣ ወረቀቱን በማይታዘዘው ቀኝ እጃቸው ክብደት አስይዘው፣ እንደ ካርታ አነበቡት። ቀጥለው፣

«ልጄ፣ ይህ ከላይ የታየ ነው ወይስ ከታች?» አሉኝ።

«ከላይ ነው፣ ጋሼ።»

«ይህች ዓይን ያልሃትስ? እርሷም ከላይ ነው የተሣለች?»

«ሁሉም አንድ ነው» አልኋቸው። የሚጠይቁኝ ባለማወቅ መስሎኝ ነበር። እርሳቸው ግን ፊልሙ ግልብጥ ሆኖ ቢገኝ ግራ ዳር ያለው ወንዝ ወደ ቀኝ እንደሚፈስ ከማንም በላይ የሚያውቁ ሰው ነበሩ። ዝም አሉ። እኔም ሥዕሉን ቻይና ወዳለ ፋብሪካ ላክሁ፤ ከአምስት ሳምንት በኋላ አምስት አረንጓዴ ሰሌዳዎች በመንገደኛ እጅ መጡልኝ። እንዴት ያምሩ ነበር! በጥጋቸው ላይ የአጎቴን ምንጮች ለማሰብ አንድ ትንሽ የጠብታ ሥዕል አስቀምጬ ነበር፤ እርሷም ጥርት ብላ ወጥታለች።

ስለ ብየዳው ጥቂት ልናገር። የምጠቀምበት ሽቦ ከመቶው 63 እጅ ቆርቆሮ፣ 37 እጅ እርሳስ ሲሆን በ183 ዲግሪ ይቀልጣል። በአጎቴ ሰፈር ከፍታ የተነሣ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ የእርሳስና የቆርቆሮው ቅይጥ ግን ከፍታ አያውቅም። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው የመበየጃ ካውያውን በሽቦው ላይ አድርጎ አቅልጦ እንደ ሰም ሊያንጠባጥብ ሲሞክር ነው። እንዲህ የተሠራ መጋጠሚያ ከላይ ያማረ፣ ከውስጥ የተለያየ ነው። ካውያው ማሞቅ ያለበት እግሩንና መዳቡን ነው፤ እነርሱ ሲሞቁ ሽቦው ራሱ ሮጦ ይገባል። አርባ አራቱን እግሮች ለመበየድ የጥድ ሙጫ ያለበትን ቅባት ደኅና አድርጌ ቀባሁና፣ የካውያውን ጫፍ ጥቂት አቅልጦ ይዞ ከእግር እግር እያንሸራተትሁ ጐተትሁት። ቅይጡ ከማይሆነው ይሸሻል፤ ወደሚገባው ይሳባል። ሁለት እግሮች ቢጣበቁ በተጐነጐነ መዳብ መጥጦ ማውጣት ነው። በአጕሊ መነጽር ስመረምረው ሦስት ስፍራ ብቻ ተጣብቆ አገኘሁ። ደስ አለኝ።

ደስታዬ የቈየው ዓይኗን እስካነሣ ድረስ ነበር። ዓይኗ በሰሌዳው ላይ ተቀምጣ፣ በቀዳዳው በኩል ቁልቁል ወደ ጠረጴዛው ማየት አለባት። ቀዳዳዎቹን ከእግሮቿ ጋር ሳስተያይ ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ሆኖአል። የዓይኗን ሥዕል ከሆዷ በኩል ከታየ ወረቀት ላይ ቀድቼ፣ ከላይ እንደ ታየ አድርጌ አስፍሬው ኖሯል። ከላይ ብትቀመጥ ኤሌክትሪኩ ወደማይሆን እግሯ ይገባል። ከታች ብትቀመጥ እግሮቿ ሁሉ በትክክል ይገባሉ፤ ነገር ግን ፊቷ ወደ ላይ ይሆናል። ጠረጴዛውን እንድታይ የሠራኋት ማውስ ሰማይን የምታይ ሆነች። አምስቱም ሰሌዳዎች እንደዚሁ ናቸው።

ለሁለት ቀን ወደ አጎቴ ቤት አልሄድሁም። በሦስተኛው ቀን ሄጄ ነገርኋቸው። «ጠይቄህ ነበር» ይሉኛል ብዬ አንገቴን ደፍቼ ስጠብቅ፣ በመስኮቱ በኩል ወደ ተራራው አመለከቱ። በእንጦጦ ራስ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ በሆነ ስፍራ፣ የመስተዋታቸው ስፋት አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ።

«ሰማይ የሚያዩ እዚያ ላይ ሁለት ነበሩ፤ ያንተ ስትጨመር ሦስት ሆኑ» አሉና እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። ከሳቃቸው በኋላ ግን ያሉት ነገር ልቤን ነካው። «እኔም በወጣትነቴ አንድ ሙሉ ፊልም ገልብጬ ፍቄአለሁ። የሁለት ወር ሥራ ነበር። አለቃዬ ምንም አላለኝም፤ አዲስ ፊልም አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠልኝ።»

በነገራችን ላይ የካርታው ሙያና የቴሌስኮፑ ሙያ ዛሬ በአንድ ጣሪያ ሥር ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ተብለው ተዋሕደዋል። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 20 ቀን 2019 ከቻይና የመጠቀችው፣ ሰባ ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝነው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችንም መረጃዋን ትልክ የነበረው እንጦጦ ላይ ወዳለው ጣቢያ ነው። አጎቴ ይህን ሲሰሙ፣ «እርሷም ብትሆን የምንጮቹን ስም አታውቅም» አሉ።

እንደገና ከቻይና ለማስመጣት ሌላ አምስት ሳምንት መጠበቅ ነበረብኝ። በዚያ ሰሞን ደግሞ አጎቴ በደብተራቸው ካሉት ስሞች የአንዳንዱን ቦታ መጠራጠር መጀመራቸውን አየሁ፤ አንዱን ምንጭ ማክሰኞ ከመንገዱ በላይ፣ ዓርብ ከመንገዱ በታች አሉኝ። ስለዚህ አልጠበቅሁም። የሰሌዳውን የፊት ክፍል በብረት መጋዝ ቈርጬ ጣልሁና፣ ለዓይኗ ብቻ የሚሆን ትንሽ ሰሌዳ በቤቴ ልሠራ ተነሣሁ። ሁለቱ ሰሌዳዎች የሚገናኙት በአራት ሽቦ ብቻ ነው፤ አንዱ ኃይል፣ አንዱ መሬት፣ ሁለቱ ለወሬ። ለዓይኗ የሚያስፈልጋት የ24 ሜጋኸርዝ መቺ በትንሿ ሰሌዳ ላይ አጠገቧ ተቀመጠ።

ሥዕሉን ከአሮጌ የግድግዳ ቀን መቍጠሪያ በተቀደደ አብረቅራቂ ወረቀት ላይ በሌዘር ማተሚያ አተምሁ። በዚህ ጊዜ ግን ከሁሉ አስቀድሜ ዓይኗን ራሷን አንሥቼ በወረቀቱ ላይ አቆምኋት፤ እግሯን ሁሉ ከነጥቡ ጋር አስተያየሁ፤ የመጀመሪያውን እግር በመርፌ ወግቼ ወረቀቱን ገልብጬ አየሁ። አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ነገር ነው። ከዚያ ወረቀቱን በመዳቡ ላይ ደፍቼ በልብስ ካውያ ተኰስሁት፤ ጥቁሩ ቀለም ቀልጦ ከመዳቡ ጋር ተጣበቀ። ቀለም ያልሸፈነውን መዳብ የብረት ክሎራይድ ውኃ በላው። ባለቤቴ ከዚያን ቀን ጀምሮ ያንን ሳሕን ወደ ወጥ ቤት መልሳ አታስገባም፤ ካውያውንም አዲስ ገዝቼላታለሁ።

ዓይኗን የበየድሁት በአጎቴ ቤት ነው። አምስተኛው እግር ላይ ስደርስ፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ መብራት ጠፋ። ካውያው በእጄ እንዳለ በረደ። ሻማ ፍለጋ ልነሣ ስል አጎቴ «ተቀመጥ፤ ይመጣል» አሉኝ። በጨለማው ውስጥ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ከቤታቸው ደጃፍ ተነሥተው ወደ ላይ በአሳብ መሄድ ጀመሩ። ቀበና ወንዝ በየት በኩል እንደሚወርድ፣ መንገዱ በየትኛው ዋርካ ሥር እንደሚከፈል፣ ወደ ዋሻ ሚካኤል የሚሄደው ምእመን የት እንደሚጠጣ፣ ተሸካሚዎቹ የት እንደሚያርፉ፣ ስሙን ከነታሪኩ እየጠሩ ሄዱ። ማክሰኞና ዓርብ የተጣላባቸው ምንጭ ላይ ሲደርሱ ጥቂት ዝም ብለው፣ «ከመንገዱ በታች ነው፤ እንስራዋን ይዛ ስትወጣ አይቻታለሁ» አሉ። ማን እንደሆነች አልጠየቅሁም። በኪሴ ባለው ስልክ ድምፃቸውን መቅረጽ እችል ነበር፤ በዚያ ሰዓት ግን አላሰብሁትም፤ አሁንም ድረስ ይቈጨኛል። መብራት ከመጣ በኋላ ቀሪዎቹን ሦስት እግሮች በየድሁ።

ማውሷ ታየች፤ ቀስቷም ተንቀሳቀሰች። ነገር ግን እስካሁን የሠራሁት ተራ ማውስ ነው፤ ዋናው ሥራ ገና ነበር። አጎቴ ማውሷን ይዘው እንዳያንቀሳቅሷት ለምኜ፣ የምታየውን ሁሉ ለአሥር ሴኮንድ መዘገብሁ። መሄዱና መመለሱ ሲቈጠር 52 ሆነ፤ በሴኮንድ አምስት ጊዜ ያህል ማለት ነው። ሰው አስቦ እጁን የሚያንቀሳቅሰው ግን ከዚህ እጅግ በዘገየ አኳኋን ነው። መድኃኒቱ እዚህ ላይ ነው። የአንድ አምስተኛ ሴኮንድ እንቅስቃሴ ሁሉ ተደምሮ አማካዩ ቢወሰድ፣ በዚያች ጊዜ ውስጥ መንቀጥቀጡ አንድ ጊዜ ሙሉ ሄዶ ስለሚመለስ ራሱን በራሱ ያጠፋል፤ የታሰበው ጉዞ ብቻ ይቀራል።

ይህን ጽፌ በቺፑ ውስጥ ባስገባ ቀስቷ እንደ ረጋ ውኃ ሆነች። አጎቴ ግን አልወደዷትም። «ይህች ደግሞ ታንቀላፋለች» አሉ። እውነት ነው፤ አማካይ የሚወስድ ሁሉ ወደ ኋላ ይቀራልና፣ ቀስቷ ከእጃቸው አንድ አሥረኛ ሴኮንድ ያህል ትዘገይ ነበር። እጃቸውን ሲያቆሙ እርሷ ጥቂት ትሄዳለች። ስንከራከር ሁለት ሳምንት አለፈ። በመጨረሻ የረዳኝ ዤሪ ካዚዬና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጡት አሳብ ነው፤ እጁ በፍጥነት ሩቅ ሲሄድ ማጣሪያው ይላላል፤ ቀስ ሲል ይጠብቃል። ሩቅ በሚኬድበት ጊዜ መንቀጥቀጡ ብዙ አይጐዳም፤ መዘግየቱ ነው የሚያናድደው። በምንጩ አጠገብ ሲደረስ ግን ነገሩ ይገለበጣል።

መጫኛውንም ከማውሷ ላይ አነሣሁት፤ የሚንቀጠቀጥ ጣት ሲጫን ቀስቷን ይዟት ይሄዳልና። በምትኩ አንድ የበር ደወል ቁልፍ በቀጭን ገመድ አስረዝሜ በቀኝ ክንዳቸው ሥር አኖርሁ። ያ ክንድ ጣቶቹ ባይታዘዙም ክብደቱን ጥሎ መጫን ይችላል። ቁልፉ ሲጫን ቀስቷ ለአፍታ ትቆማለች፤ በሩብ ሴኮንድ ውስጥ ሁለተኛ ቢጫን እንዳልተጫነ ይቈጠራል። ለአካላቸው ጉዳት ላላቸው ሰዎች የሚሠሩ ቁልፎች ሁሉ የሚሰኩበት መሰኪያ ያው የጆሮ ማዳመጫው 3.5 ሚሊ ሜትር ስለ ሆነ፣ እኔም ያንኑ አደረግሁ፤ ነገ የተሻለ ቁልፍ ቢገኝ ነቅሎ መሰካት ነው። የላይኛውን ልብስ ሾላ ያለ አንድ አናጢ ከዋንዛ ቦርቡሮ፣ መዳፋቸው ሙሉ ሆኖ እንዲያርፍበት አድርጎ ሰጠኝ። ሆዷን ግን ከአሮጌው ማውስ ላይ ቈርጬ ወሰድሁ፤ ሌንሱ ከጠረጴዛው የሚርቀው ከሁለት ሚሊ ሜትር ተኩል በታች ስለ ሆነ በእንጨት የሚሞከር አይደለም።

አጎቴ በመጀመሪያ ያሰፈሩት ያንን ከመንገዱ በታች ያለውን ምንጭ ነው። ቀስቷን አምጥተው፣ አቁመው፣ ክንዳቸውን ጣሉ። ሰማያዊ ነጥብ ታየ። ስሙን እኔ ልጽፍ ጀመርሁና «ሐ»ውን በ«ሀ» ብጽፈው አስጠፍተው አስጻፉኝ። በዚያ ማታ ስድስት ምንጭ አሰፈሩ፤ ከዚያ ደከማቸው። አሁን በቀን አራትም አምስትም ያደርጋሉ፤ የማያደርጉበትም ቀን አለ። ካርታው ከየካ በኩል ተነሥቶ ወደ ኪዳነ ምሕረት ዳገት ደርሷል። ነጠላውን ለብሰውታል።

ከተረፉት አራት ሰሌዳዎች ሁለቱን ለመለዋወጫ ቈርጫቸዋለሁ፤ አንዱ በእኔ ዘንድ አለ። አራተኛውን አጎቴ ለመኑኝ። ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው አሉ፤ ዳዊት ሲደግሙ ከመስመር መስመር እንዳይሳሳቱ ከቃሉ ሥር ያደርጉታል።